ለውሻችን ምን እንጣልለት?

የዛሬው ትምህርታችን ውሻ ስለሚያኝከው ነገር ነው። መቼም ውሻ ማኘክ ይወዳል። የሚያኝከው ነገር መስጠት ክፋት የለውም። ታዲያ ምን እንስጠው? ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

እስቲ አፋምቦን እናስብ። አፋምቦ በአፋር ምድር፣ ከአሳይታ ባሻገር ያለ አገር ነው። የአዋሽ ወንዝ በዚያ በኩል አልፎ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። አርብቶ አደሩ ግመል፣ ከብት፣ በግና ፍየል ያረባል። ፍየል ባለበት ሰፈር ውሻም አይጠፋም። ጅብ ሲመጣ ይጮሃል።

ፍየል ሲታረድ ውሻው ጠጋ ብሎ ይጠብቃል። ሰው ደህናውን ሥጋ ለቤቱ ይይዛል። የተበላሸ ሳንባ ወይም ጉበት ሲያገኝ ግን፣ «ይኼስ ለውሻ ነው» ብሎ ይወረውርለታል። ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በታረደ ፍየል ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ፊኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ፊኛ የትል ቤት ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው ትሎቹ አንጀቱ ውስጥ ያድጋሉ። የኮሶ ዘመድ ናቸው፤ ነገር ግን በጣም ትናንሽ ናቸው። የአንዱ ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ውሻው ጤነኛ ይመስላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን የትሎቹ እንቁላል ከኩሱ ጋር መውጣት ይጀምራል።

እንቁላሉ በዓይን አይታይም። ሣር ላይ ይወድቃል፤ ፍየሏ ትግጠዋለች። ውኃ ውስጥ ይገባል። የውሻው ፀጉር ላይም ይጣበቃል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉ ሆዱ ይገባል። ከዚያ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ያው የውኃ ፊኛ ያድጋል። ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ሕመሙ ሲታወቅ ፊኛው ትልቅ ሆኖ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ይወጣል። እንግዲህ ለውሻው የወረወርነው ነገር ተመልሶ ወደ ልጃችን መጣ ማለት ነው።

የፍየልና የበግ ጭንቅላትም እንደዚሁ ነው። አንገቷን አጣማ ባንድ ወገን የምትዞር ፍየል አይታችኋል? ብዙ ጊዜ አንጎሏ ውስጥ የሌላ ትል ፊኛ አለ። ያንን አንጎል ውሻ ጥሬውን ከበላ፣ እንቁላሉን መልሶ በግጦሹ ላይ ይዘራዋል። ነገ ሌላ ፍየል ትዞራለች።

አጥንትስ? የበሰለ አጥንት ይደርቃል፤ ሲታኘክ እንደ እሾህ ይሰነጠቃል። የዶሮ አጥንትና የፍየል ጎድን በጣም አደገኛ ናቸው። ስንጣሪው ጉሮሮ ይወጋል፤ አንጀትም ይበሳል። በጣም ጠንካራ አጥንት ደግሞ ጥርስ ይሰብራል። በጥፍራችሁ ስትጫኑት ምንም የማይሰረጉድ ነገር ለውሻ ጥርስም ይከብዳል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ሳንባና ጉበት ደህና ቢመስልም ጥሬውን አትስጡ። ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ ቀቅሉት። ሰዓት ከሌላችሁ ይብለጥ እንጂ አይነስ።

2. ማገዶ ካነሰ፣ ፊኛ ያለበትን ሥጋና የምትዞረዋን ፍየል ጭንቅላት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ። ውሻ እንዳይቆፍረው ድንጋይ ጫኑበት።

3. ለሚያኝከው፣ የተቀቀለና የቀዘቀዘ ጅማታም ሥጋ ስጡት፤ አጥንቱን አውጡለት። ቁራጩ ከአፉ ይብለጥ፤ ባንዴ እንዳይውጠው። እየቀነሰ ሲሄድ ውሰዱበት።

4. የእንስሳት ሐኪም ስታገኙ ስለ ውሻ ትል መድኃኒት ጠይቁ። ፕራዚኳንቴል ይባላል። በሽታው ባለበት አገር ቢያንስ በዓመት 4 ጊዜ ይሰጣል።

5. ውሻ ከነካችሁ በኋላ፣ ከምግብም በፊት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ልጆችንም አስለምዱ።

ይህ ይሳካል ወይ? አዎን፣ ተሳክቷል። አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች ደሴት ናት። ሕዝቧ በግ አርቢ ነበር። ድሮ ይህ በሽታ ብዙ ሰው ይገድል ነበር። በ1864 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ታትሞ በየቤቱ በነፃ ታደለ። ክራበ የተባለ የዴንማርክ ሰው የጻፈው ነው። ሕዝቡ ማንበብ ያውቅ ነበርና አነበበው። ፊኛ ያለበትን ሥጋ ለውሻ መጣሉን እየተወ ሄደ። ኋላም ሕግ ወጣበት። በሽታው እየቀነሰ ሄዶ በ20ኛው መቶ ዓመት ከአገሩ ጠፋ።

እናንተም ይህን አንብባችኋል። ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁ ዛሬውኑ አንብቡለት። አንድ ሰው ብቻውን ቢጠነቀቅ፣ የጎረቤቱ ውሻ ግጦሹን ያበላሸዋልና።

ለመወያያ፦ በሰፈራችሁ እርድ ሲኖር የተበላሸ ሳንባና ጉበት የት ይጣላል? ጉድጓዱን ማን ይቆፍር?

በደህና ሰንብቱ።