ቡናው ጅቡቲን ሳይለቅ፦ የአሜሪካው ገዢ ክሬዲት ሪፖርቱን በነጻ ያውጣ

የዛሬው ከዋጋ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ ግን መነሻው ያው ዋጋ ነው። ባለ 320 ጆንያ ኮንቴይነር 19,200 ኪሎ ነው፤ በፓውንድ 42,300 አካባቢ። ኒውዮርክ ላይ ፓውንዱ 2 ዶላር ሲሆን ይህ 85 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ዋጋው 4 ዶላርን ሲያልፍ ያው ኮንቴይነር ወደ 170 ሺህ ተጠጋ። አሜሪካ ያለው ትንሽ ገዢ፣ ብዙ ጊዜ የአገር ልጅ፣ ይህን ከኪሱ አያወጣም፤ ባንክ ይሄዳል። ድርጅቱ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ባንኩ የባለቤቱን የግል ክሬዲት ሪፖርት ያያል።

እኔን የገጠመኝ ይኸው ነው። የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ሆኖ ጥሬ ቡና ያስገባል። በሲ.ኤ.ዲ. ተዋዋልን። ቡናው መርከብ ላይ ወጥቶ፣ ሰነዱ ባንክ ከደረሰ በኋላ ብድሩ ተከለከለ። ለካ ሪፖርቱ ላይ የመኪና ዕዳ ተጽፎበታል። «ጋሼ፣ እኔ መኪናዬን በካሽ ነው የገዛሁት!» ይለኛል። ዕዳው ስሙን ከነአባቱ ስም የሚጋራ የሌላ ሰው ነው። እኛ አገር ስንት «ሰለሞን ተስፋዬ» እንዳለ አስቡት። ሰነዱ ሳይነሳ ሳምንታት አለፉ፤ ወደብ ላይ ኪራይ ይቆጥራል፤ ምንዛሬ በወቅቱ ካልገባ ደግሞ ጣጣውን ላኪ ለሆነ ሰው መንገር አያስፈልገኝም።

ያናደደኝ፣ ቀድሞ በነጻ ሊያየው ይችል ነበር።

እዚያ መረጃውን የሚይዙት ሦስት ድርጅቶች ናቸው፦ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒርያን እና ትራንስዩኒየን። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሕግ እያንዳንዳቸው በዓመት አንድ ጊዜ በነጻ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በየሳምንቱ በነጻ ማየት ቋሚ ሆኗል። ሦስቱም የሚወጡት ከአንድ ድረ ገጽ ነው፦ አኑዋል፣ ክሬዲት፣ ሪፖርት፤ ሦስቱ ቃላት ሳይነጣጠሉ፣ መጨረሻው ዶት ኮም። በስልክ ከሆነ 1-877-322-8228። ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠይቃል፤ ከዚያ ስለ ድሮ ብድርና አድራሻ ማጣሪያ ጥያቄ ሊያመጣ ይችላል። የባንክ ካርድ ቁጥር ግን አይጠይቅም። «ነጻ» ብሎ ካርድ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠመው ይውጣ፤ ከሙከራ ጊዜው በኋላ በየወሩ የሚቆርጡ አሉ። የራስን ሪፖርት ማየት ነጥብ አይቀንስም። ነጥቡ ራሱ ግን እዚያ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ለእኛ ጉዳይ ዋናው ዝርዝሩ ነው። ደግሞ ሦስቱንም ይይ፤ የእህቴ ልጅ ላይ ስህተቱ የነበረው በአንዱ ብቻ ነው፣ ባንኩም ያየው ያንኑ!

ስህተት ሲገኝ አቤቱታው በነጻ ነው። ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ያጣራል፤ አቤቱታው የቀረበው ነጻውን ዓመታዊ ሪፖርት አይቶ ከሆነ እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል። ይህችን 45 ቀን ከጭነት ቀናችሁ ላይ ወደ ኋላ ቁጠሯት። ብድር ተከልክሎ ከሆነም፣ ደብዳቤው በደረሰው በ60 ቀን ውስጥ ባንኩ ከተጠቀመበት ድርጅት ሪፖርቱን በነጻ የመጠየቅ መብት አለው።

እኛ ላኪዎችና ዩኒየኖች ከዚያ ድረ ገጽ የሰው ሪፖርት ማውጣት አንችልም፤ የሚያወጣው ባለቤቱ ነው። ግን «አውጥተህ አይተኸዋል ወይ?» ማለት ነውር የለውም። ዘመድ ሲሆን ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ እኔም ያልጠየቅኩት ለዚያ ነው። ሊያሳያችሁ ከፈቀደ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ሸፍኖ ይላክ።

የእኛው ከአምስት ሳምንት በኋላ ተስተካክሎ ሰነዱ ተነሳ። የወደቡን ኪራይ ለሁለት ተካፈልነው፤ እህቴ እስካሁን ድርሻው በዛበት ትለኛለች።

የኒውዮርክ መዝጊያ ዋጋ ማታ ይለጠፋል።