ፀሐይን ሊጋርዱብን ነው አሉ

ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም ማታ አጎቴ ከአንኮበር ደወሉልኝ። ሰላምታቸው እንደወትሮው ረጅም ነው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ አዲስ አበባ ኑሮ ጠይቀው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ስማኝማ፣ ፀሐይን ሊጋርዱብን ነው አሉ። እውነት ነው እንዴ?» አሉኝ።

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እኔ የምጠይቅህ በሬውን ልሽጠው ወይስ ለበልግ እርሻ ላቆየው ብዬ ነው» አሉ።

ሳቄ እዚያው ቀረ።

ነገሩ የመጣው ከልጃቸው ስልክ ነው። ከሦስት ቀን በፊት፣ እሑድ ኅዳር 14፣ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንንና ኦማንን አልፎ ሰሜን ሕንድ ደርሷል። እዚያም በረራዎች ተሰርዘዋል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ቴሌግራም ላይ አንድ ቪዲዮ አገኘ። ተናጋሪው የእሳተ ገሞራውን አመድ፣ ደመና ማበልጸግን፣ ከአውሮፕላን ኋላ የሚታየውን ነጭ መስመርና «ሶላር ጂኦኢንጂነሪንግ» የሚባለውን ነገር እንደ ሽሮ አንድ ላይ በጥብጦ «ፀሐያችንን እየጋረዱብን ነው» ይላል። ቪዲዮው ለእኔም ደረሰኝ። «ውሸት ነው» ብዬ ልዘጋው እችል ነበር። ግን በሬ ያህል ነገር «ውሸት ነው» በሚል አንድ መልእክት አይወሰንም። ስለዚህ ለአጎቴ «እስከ ነገ ይታገሱኝ» አልኳቸውና ማንበብ ጀመርኩ።

አንኮበርን የምታውቁ ጥያቄያቸው ለምን ከባድ እንደሆነ ይገባችኋል። ከተማዋ ገደል አፋፍ ላይ ናት። ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ስታዩ የአፋር ቆላ ተዘርግቶ ይታያል፤ በዚያ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከአፋፉ ወዲህ በደብረ ብርሃን በኩል ያረፈው ደግሞ በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል። የአካባቢው ደጋ ገብሱን የሚዘራው በክረምት ብቻ አይደለም፤ በልግን የሚጠብቅ ገበሬ ብዙ ነው። እዚያ ሰማይ ማለት ጓዳ ማለት ነው።

በማግስቱ ደወልኩና የተደባለቀውን አንድ በአንድ መለየት ጀመርን።

«ጋሼ፣ ያ ነጩ የአውሮፕላን መስመር መርዝ አይደለም። ከሞተሩ የሚወጣው እንፋሎት 10 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለው ብርድ በረዶ ሆኖ ነው። እርስዎ በጠዋት ሲተነፍሱ ከአፍዎ እንደሚወጣው ጉም ማለት ነው።» እንዲያውም ያ መስመር ፀሐይን ከመጋረድ ይልቅ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት መያዙ ስለሚያመዝን፣ ሲደማመር ዓለምን በጥቂቱ ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም።

ደመና ማበልጸግ ሌላ ነው። ይህኛው በእኛም አገር ተሞክሯል። በ2013 ዓ.ም መንግሥት ሥራውን ይፋ ሲያደርግ፣ በጎጃምና በሸዋ አንዳንድ አካባቢዎች የመጀመሪያው ሙከራ ውጤት እንዳሳየ ተነግሮ ነበር። የአጎቴ ጎረቤቶች እስከ ዛሬ በረዶ በጣለ ቁጥር «ያ መድኃኒት ነው» ይላሉ። ግን ይህ ሥራ ቀድሞ የነበረ ደመና ላይ ጨው ወይም ሲልቨር አዮዳይድ በትኖ ጠብታው ቶሎ እንዲከብድ ማገዝ ነው። ደመና ከሌለ የሚሠራው ነገር የለም። ጉዳዩ የአንድ አካባቢና የሰዓታት ነው፤ ከፀሐይ ጋር ግንኙነት የለውም።

ሶላር ጂኦኢንጂነሪንግ የሚባለው ሐሳብ ደግሞ ይህ ነው፦ ከደመናም ከአውሮፕላንም በላይ፣ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ ስትራቶስፌር በሚባለው የአየር ክፍል ውስጥ የድኝ ጋዝ መልቀቅ። ጋዙ ወደ ደቃቅ ጠብታ ይለወጥና ከሚመጣው የፀሐይ ብርሃን ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ያህሉን ወደ ህዋ ይመልሳል። ፀሐይ አትጠፋም፤ ቀኑም አይጨልምም። እስካሁንም በዓለም ላይ ምድርን ለማቀዝቀዝ በሚያበቃ መጠን ያደረገው አገር የለም።

አጎቴ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «ሊያበርዱን ነው በለኛ!» አሉ። «ውርጩ መች አነሰንና!»

ሐሳቡ የተቀዳው ከእሳተ ገሞራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ ሲፈነዳ ከ15 ሚሊዮን ቶን የማያንስ የድኝ ጋዝ ወደ ላይ ረጨ፤ በቀጣዩ ዓመት የዓለም ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ያህል ወረደ። «ታዲያ የአፋሩስ?» አሉኝ። የኅዳር 12ን ጭስ አስታወስኳቸው። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ይሆናል፤ በማግስቱ ግን ንፋስና ጤዛ ይጠርጉታል። ታች ያለ ነገር ቶሎ ይወርዳል። በእኛ አካባቢ ስትራቶስፌር የሚጀምረው ከ16 እስከ 17 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። እዚያ ዝናብ የለም፤ የገባ ጠብታ አንድ ሁለት ዓመት ይንሳፈፋል። የሃይሊ ጉቢ አመድ ባብዛኛው ከዚያ በታች ነው የቀረው።

ጎረቤታችን ናብሮ ግን አልፏል። በሰኔ 2003 ዓ.ም ኤርትራ ውስጥ የፈነዳው ይህ ተራራ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ የድኝ ጋዝ ለቆ ነበር። ሳይንቲስቶች ለዓመታት ተከራከሩበት፤ ገሚሱ «የእስያ የክረምት ንፋስ ነው ወደ ላይ ያነሳው» ሲል ሌላው «በራሱ ጉልበት ነው የወጣው» አለ። በዚያው ዓመት ምሥራቅ አፍሪካን ድርቅ ስለመታት «ናብሮ ነው ያመጣው» የሚል ይኖራል። ድርቁ ግን የጀመረው ተራራው ከመፈንዳቱ ከወራት በፊት ነው። ተከታትለው መጡ ማለት አንዱ ሌላውን ወለደ ማለት አይደለም።

እዚህ ድረስ ያለው ለአጎቴ እፎይታ ነበር። ቀጥሎ ያለው ግን እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል።

ክረምታችን የሚመጣው የዝናብ ቀበቶው ወደ ሰሜን ሲወጣ ነው። የምድር ሰሜናዊ ግማሽ ብቻ ከቀዘቀዘ ቀበቶው ወደ ደቡብ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ከ1900 እስከ 2010 ሳህል እጅግ ከደረቀባቸው አራት ክረምቶች ሦስቱ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከደረሱ ትልልቅ ፍንዳታዎች በኋላ የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። በ1783 የአይስላንዱ ላኪ ከፈነዳ በኋላም ግብጽ ውስጥ የዓባይ ሙላት አንሶ ረኃብ ገብቷል። ያ ሙላት የሚነሳው ከእኛው የክረምት ዝናብ ነው።

ስለዚህ እውነተኛው ጥያቄ «ፀሐይን ጋረዱብን ወይ?» አይደለም። ጋዙ የት ይለቀቃል? በሰሜን ብቻ ወይስ በሁለቱም ንፍቀ ክበብ? ክረምቱን ምን ያደርጋል? በልጉንስ? የኦዞን ሽፋንስ? ተጀምሮ ድንገት ቢቆም፣ ተሸፍኖ የቆየው ሙቀት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመልሶ ሲመጣ ማን ይቋቋመዋል? ደግሞም ይህ ዘዴ ትኩሳት ያበርዳል እንጂ በሽታውን አያድንም። የሚያሞቀን ካርቦን እዚያው አየር ላይ ነው፤ ባሕሩንም አሲድ ማድረጉን ይቀጥላል።

ማን ይወስን የሚለውም ገና አልተፈታም። በስዊድን ሊደረግ የነበረ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የፊኛ ሙከራ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ሳሚዎች ስለተቃወሙት በ2021 ቆመ። ሜክሲኮ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ጀማሪ ኩባንያ ሳያስፈቅድ ፊኛ ለቆባት በ2023 መጀመሪያ እንደምታግድ አስታወቀች። በነሐሴ 2015 ዓ.ም የአፍሪካ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሮች ተሰብስበው ቴክኖሎጂው ጥቅም ላይ እንዳይውል ዓለም አቀፍ ስምምነት ይኑር ብለዋል። የተሰበሰቡት የት መሰላችሁ? እዚሁ አዲስ አበባ። ስንቶቻችን ሰማን?

እኔ በበኩሌ «እንዳይሠራበት» ማለትና «እንዳይጠና» ማለት ይለያያሉ እላለሁ። ለአንኮበር ሰው የውጭ ተመራማሪ አዲስ አይደለም። በ1870ዎቹ አንቲኖሪ የተባለ ጣሊያናዊ ከከተማዋ አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ የምርምር ጣቢያ ከፍቶ ነበር። በዚያው ማኅበር በኩል ወደ ሸዋ የመጣው አንቶኔሊ ነው በኋላ የውጫሌን ውል የተደራደረው። ሰው ስለ አገርህ ካንተ በላይ ሲያውቅ ድርድሩ ላይ ምን እንደሚከተል ከዚያ ተምረናል። የበልጋችንን ጉዳይ ሌላ ሰው አስልቶ እስኪነግረን መጠበቅ የለብንም፤ የእኛ የሚቲዎሮሎጂና የፊዚክስ ተማሪዎች ይግቡበት።

እናንተም እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ፣ «አጋራ» የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። በስንት ኪሎ ሜትር ከፍታ? ምን ተለቀቀ? ምን ያህል? ለስንት ጊዜ ይቆያል? የእኛው ቪዲዮ አንዱንም አይመልስም።

አጎቴ በመጨረሻ «እንግዲያው በሬውን አልሸጥም» አሉ። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ጨመሩ፦ «እነዚያ ሰዎች ከጀመሩት ግን፣ ስለ በልጉ እኔን የሚጠይቀኝ ማን ነው?»

ለዚህኛው እስከ ነገ ይታገሱኝ ማለት አልቻልኩም።