57 እና 142

የልጅነት ልምሻ በየበጋው እየመጣ የአሜሪካን ልጆች ሽባ በሚያደርግበት፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን መዋኛ ገንዳ አትድረሱ በሚሉበት ዘመን፣ በ1954 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጆናስ ሳልክ ክትባት ተፈተነ። 200,745 ልጆች ክትባቱን ወሰዱ። 201,229 ልጆች ደግሞ በመልክ ከክትባቱ የማይለይ የጨው ውሃ ተወጉ። ማን የትኛውን እንደሚወጋ የወሰነው ዕጣ ነው፤ ልጁም፣ የወጋውም፣ በኋላ ሕመሙን የመረመረው ሐኪምም የትኛው እንደደረሰው አያውቁም። ወቅቱ ሲያልፍ የታመሙት ተቆጠሩ። ከተከተቡት 57፣ የጨው ውሃ ከተወጉት 142።

«ታዲያ ምን ያጠያይቃል? 57 ከ142 ያንሳል» የሚል ሰው አይጠፋም። ያንሳል። ነገር ግን 400 ሺህ ልጆችን በዕጣ ለሁለት ብንከፍል፣ ክትባቱ ተራ ውሃ ቢሆን እንኳ፣ የታመሙት ለሁለቱ ወገን እኩል አይደርሱም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ዕጣ ብቻውን ይህን ያህል ልዩነት ማምጣት ይችል እንደሆነ ነው። የስታትስቲክስ ጀማሪ ተማሪ «የመላምት ፈተና» ብሎ የሚማረው መሣሪያ የተሠራው ለዚህ ጥያቄ ነው።

አሠራሩ መጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ ልናፈርሰው የምንፈልገውን ነገር እንደ እውነት ተቀብሎ ይነሳል። ክትባቱ ምንም አይሠራም እንበል። እንዲያ ከሆነ፣ ሁለቱ ወገኖች በቁጥር እኩል ሊባሉ ይችላሉና፣ የታመሙት 199 ልጆች እያንዳንዳቸው ከየትኛው ወገን እንደሚወጡ መገመት ዘውድና ጎፈር እንደመጣል ነው። ሳንቲም 199 ጊዜ ብንጥል ዘውዱ 100 ጊዜ ገደማ ይወጣል። 93 ቢሆን ወይም 107 ቢሆን የሚገረም የለም፤ የተለመደው ወዲያ ወዲህ ማለት 7 ያህል ነውና። (ይህ 7 የ199 ዳግም ዘር ግማሽ ነው፤ ለጀማሪ ከመላው ቀመር ይህችን ማወቅ ይበቃዋል።) 57 ግን ከመሐሉ በ42 ተኩል ይርቃል፤ የተለመደውን ወዲያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ማለት ነው። ዕጣ ብቻውን እንዲህ ያለውን ነገር ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ አንዴ እንኳ አያመጣም። ስለዚህ «አይሠራም» የሚለው ግምት ወደቀ። ውጤቱን የክትባቱን ሙከራ የገመገመው ቶማስ ፍራንሲስ ኤፕሪል 12 ቀን 1955 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለዓለም አስታወቀ።

ፈተናው ይህን ብሎ ዝም ይላል። «ስንት ልጅ አዳነ?» ለሚለው መልስ የለውም፤ እሱን የሚመልሰው ወንድሙ የመተማመኛ ክልል ነው። ከተከተቡት በየ100,000 ልጆች 28 ያህል፣ የጨው ውሃ ከተወጉት 71 ያህል ታመሙ፤ ሳይጠጋጋ ሲሰላ ልዩነቱ 42 ነው። ዕጣው ሊያመጣ የሚችለውን መዛባት ስናስብለት፣ በ95 ከመቶ መተማመን እውነተኛው ልዩነት ከ28 እስከ 56 ባለው ክልል ውስጥ ይገመታል። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ መሣሪያዎች የበለጠ የሚናገረው ይህኛው ነው፤ ጋዜጦች ግን «ተረጋገጠ» የሚለውን ቃል ይወዳሉ።

ይህ 95 ስንቱን ተማሪ አሳስቷል! እኔም በፈተና ላይ «እውነቱ በዚህ ክልል ውስጥ የመሆን ዕድሉ 95 ከመቶ ነው» ብዬ ጽፌ ነጥብ ተቀንሶብኛል። ዬርዚ ኔይማን ሐሳቡን በ1937 ሲያብራራ ነገሩን የተመለከተው ከሌላ ወገን ነበር። ችካል መሬት ላይ ተተክሏል እንበል፤ አይነቃነቅም። የምንወረውረው ቀለበቱን ነው። ጥሩ ወርዋሪ ከመቶ ጊዜ 95ቱን ችካሉ ላይ ያጠልቃል። አንዴ የተወረወረው ቀለበት ግን ወይ ጠልቋል ወይ ስቷል፤ ችካሉ ስለማይታየን የትኛው እንደሆነ አናውቅም። 95 የወርዋሪው ማዕረግ ነው።

ስለ ናሙና መጠን አንድ ነገር ብቻ ልበል። 1,000 ሰዎች በዕጣ ተመርጠው ግማሾቹ «አዎ» ቢሉ ክልሉ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ከመቶ ያህል ነው። በግማሽ ለማጥበብ ግን 4,000 ሰው ያስፈልጋል። የሚገርመው፣ 1,000ው ሰው ከአንድ ትልቅ ከተማ ቢመረጥም ከአገር ሁሉ ቢመረጥም ስሌቱ ያው መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ሒሳብ የሚያውቀው ግን የዕጣን መዛባት ብቻ ነው፤ ሌላ መዛባት አይታየውም። በዚያው በ1954 ወላጆቻቸው አይወጉብንም ያሏቸው ወደ 350 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ነበሩ። ከእነዚህ በየ100,000 ልጆች 46 ያህሉ ታመሙ፤ የጨው ውሃ ከተወጉት ያነሰ! እምቢታ አድኗቸው አልነበረም። የፈቀዱት በብዛት ሻል ያለ ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ነበሩ፤ በንጹሕ ቤት ያደገ ልጅ ደግሞ ቫይረሱን በጨቅላነቱ፣ የእናቱ መከላከያ ገና ሳይለየው፣ በቀላሉ የማግኘት ዕድሉ ትንሽ ስለነበር በኋላ ሲያገኘው ይጎዳ ነበር። የተከተቡትን ከእምቢተኞቹ ጋር ያነጻጸረ ሰው ክትባቱን ከሚገባው በታች ይመዝነው ነበር፤ ቀመሩም ምንም ሳይጠራጠር ጠባብ ክልል ይሰጠዋል።

ተመሳሳይ ነገር እኛም አገር ደርሷል። በኢትዮጵያ በ2003 ኤችአይቪ በደማቸው ያለ አዋቂዎች 4.4 ከመቶ እንደሆኑ ይገመት ነበር፤ የግምቱ መነሻ በጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትል የሚያደርጉ እናቶች ደም ነው። በ2005 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሠራተኞች በዕጣ ወደ ተመረጡ ቤቶች ሄደው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን ሴቶችና ወንዶች ሲመረምሩ 1.4 ከመቶ አገኙ። በ2007 ሁለቱ መረጃዎች ተጣምረው የአገሪቱ ግምት 2.1 ከመቶ ሆነ። ከ4.4 ወደ 2.1 ሲወርድ በዋናነት የተለወጠው የቆጠራው መንገድ ነበር።