የዕፅዋት ዘረ መል ምርምር ቴክኒሽያን፦ የሙያው ደረጃዎችና የሥልጠናው ጥያቄ

አንድ የተሻሻለ የሰብል ዝርያ ለገበሬው ሲቀርብ በይፋ የሚነሣው የተመራማሪው ስም ነው። ይሁን እንጂ ዘሩን የለየው፣ አበባውን ያዳቀለውና መዝገቡን የያዘው በአብዛኛው ቴክኒሽያኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጤፍን ማዳቀል እንደ ምሳሌ በመውሰድ የዚህን ሙያ የዕድገት መንገድ ማብራራት ነው።

የጤፍ አበባ ራሱን በራሱ የሚያዳቅልና እጅግ ደቃቅ በመሆኑ፣ ሁለት ዝርያዎችን በእጅ ማዳቀል ለብዙ ዘመን ሳይቻል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈትበትን የማለዳ ሰዓት ለይተው በማወቃቸው መንገዱ ተከፈተ። ሰዓቱም ከ12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ ነው። ቴክኒሽያኑ በዋዜማው ምሽት በአጉሊ መነጽር እየተመለከተ፣ የእናቲቱን አበባ ሦስት የብናኝ ከረጢቶች በቀጭን ወረንጦ ያወጣል። በማግሥቱ ማለዳም የአባቱን ብናኝ ያደርስለታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው «ቁንጮ» የተባለው ጤፍ ምርታማው ዲዜድ-01-974 ከነጩ ዲዜድ-01-196 ጋር ተዳቅሎ በደብረ ዘይት የተገኘ ነው።

ወደዚህ ሙያ የሚገባው ወጣት እንደ ደንቡ ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቀ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወቅቶች መደብ ይለካል፣ ዘር ይመዝናል፣ በየከረጢቱ ላይ ቁጥር ይጽፋል። ቀጥሎ ማዳቀልን ከነባር ባልደረባው እጅ ይማራል፤ ከዚያም የመጀመሪያው ትውልድ እውነተኛ ድቅል መሆኑን በአባቱ ምልክት መለየትን ይለማመዳል። በዘመናችን ከቅጠል ዲ.ኤን.ኤ. ማውጣትም ከሥራው ተጨምሯል። ልምዱ ሲበረታ ከፍተኛ ቴክኒሽያን ሆኖ ሌሎችን ያሠለጥናል።

የቁጥር ጽሕፈት እንደ ተራ ሥራ ሊቈጠር አይገባም። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ከግማሽ ግራም በታች ይመዝናል፤ ሁለት ከረጢቶች ቢቀያየሩ ዓይን አይለያቸውም። ስሕተቱ የሚታወቀው፣ ከታወቀም፣ ከብዙ ትውልድ ምርጫ በኋላ ስለሆነ የዓመታት ድካም ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ የተሳሳተውን ቁጥር ሳይደብቅ የሚያስታውቅ ቴክኒሽያን ምርምሩን ከጥፋት ያድናል።

ችግሩ ዕድገቱ በዲግሪ ብቻ ሲለካ ይነሣል። እጁ የሠለጠነው ባለሙያ በማታው ክፍለ ጊዜ ተምሮ ሲመረቅ፣ ደመወዙን ለማሻሻል ያለው ምርጫ ወረንጦውን ትቶ ወደ ሌላ የሥራ መደብ መዛወር ይሆናል። ትምህርቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሙያው ሳይወረስ ከሰውየው ጋር ይሄዳል።

በመሆኑም ኮሌጆች የመዝገብ አያያዝንና የማዳቀል ልምምድን ከንድፈ ሐሳቡ እኩል ቢያስተምሩ፣ የምርምር ማዕከሎችም በእጅ ሙያና በታማኝ መዝገብ የሚለካ የዕድገት ደረጃ ቢያበጁ፣ ቴክኒሽያኑ ሙያውን ሳይለቅ ለማደግ ይችላል። ለነገው ዝርያ የሚያስፈልገው እጅ የሚገኘውም ዛሬ ያለው ሲከበርና ሲያስተምር ነው።