ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የሚመሽበት አገር

ዛሬ ስለ ፓርቲዎችና ስለ መግለጫዎቻቸው አልጽፍም። ስለ ጨለማ ልጻፍ። የፖለቲካውን ማለቴ አይደለም፤ የሰማዩን ነው።

ይህ ጸሐፊ ስቶክሆልም የገባው በ1998 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነበር። አገር ቤት የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ ሳለሁ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የፈጠሩትን «የ13 ወር ፀጋ» የሚል መፈክር በርዕስነት ስንቴ እንዳሰለቸሁት እግዜር ይወቅ። ፀጋው የገባኝ ሳጣው ነው። በታኅሣሥ 12 ገደማ ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ የምትወጣው፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። አዲስ አበባ በዚያው ዕለት 11 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን አላት፤ እዚህ 6 ሰዓት ብቻ። ብርዱንስ ካፖርት ይመክተዋል።

በመጀመሪያው ዓመት እንቅልፍ አልጠግብ አልኩ። ዳቦና ጣፋጭ ብቻ ያምረኝ ጀመር። እናቴ ስትደውል ስልኩን ዝም ብዬ አየዋለሁ። የታሰሩት ባልደረቦቼ ሐዘን ነው እል ነበር፤ እውነትም ነበረበት። ነገር ግን ሐዘኑ በሚያዝያ ቀለል አለኝ፣ በጥቅምት ደግሞ ተመልሶ መጣ። ይኼኔ ነው የተጠራጠርኩት፤ ባልደረቦቼ በሚያዝያም እስር ቤት ነበሩና።

ነገሩን በሳይንስ ስም የሰጠው እንደኛው ስደተኛ ነው። ኖርማን ሮዘንታል የተባለው ሐኪም ከደቡብ አፍሪካ ወደ ኒውዮርክ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ሲሄድ ብርታቱ በብርድ ወራት እንደሚከዳው በራሱ ላይ አየ፤ በ1984 ከባልደረቦቹ ጋር «የወቅት ድባቴ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ሕመም በጥናት አሳወቀ። መድኃኒቱም አንዱ ብርሃኑ ነው፤ 10,000 ሉክስ በሚሰጥ መብራት ፊት ጠዋት ለ30 ደቂቃ መቀመጥ። የዓይን ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። መኖር ያስጠላው ሰው ደግሞ መብራት አይግዛ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የቫይታሚን ዲ ምርመራም ለእኛ ጥቁሮች አይናቅ፤ የዚህ አገር የታኅሣሥ ፀሐይ ለቆዳችን አትበቃም።

እኔን ግን ከአልጋ ያነሳኝ መብራቱ አይደለም። አንዲት የሰፈራችን እናት ናቸው። አንድ እሑድ በር አንኳኩተው ገቡ።

«ተነስ አንተ ልጅ! ፀሐይዋ ሳትሄድብህ ውጣ» አሉኝ።

«እትዬ፣ አሞኛል።»

«የታመመ ይጠየቃል፤ ይኸው ድፎ ይዤ መጥቻለሁ። የምትበላው ግን እኔ ቤት ነው፣ በእግርህ።»

እትዬ በጨለማው ወራት ቡናቸውን ከማታ ወደ ቀትር ያዛውራሉ። ሰው ለቡናው ብሎ በብርሃን ይወጣል፤ ብልሃታቸው ይኸው ነው። ደመናማው ቀትር እንኳ ከቤት መብራት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የፖለቲካ ስብሰባዎቻችንም በታኅሣሥና በጥር ይበልጥ የሚፈርሱ ይመስለኛል፤ ይህ የኔ ግምት ነው፣ ግን እስቲ አንዱን በቀትር ሞክሩት።

ስዊድኖቹም የራሳቸው ብልሃት አላቸው። በታኅሣሥ 4 የሉሲያን በዓል ያከብራሉ፤ በጥንቱ አቆጣጠር ያች ሌሊት ከሁሉ ረጅሟ ትባል ነበር። ልጃገረዶች ሻማ እንደ አክሊል ደፍተው ይዘምራሉ። በየመስኮቱም ሰባት አምፖል ያለው መቅረዝ ያበራሉ። የመብራት ብክነት ብዬ አሾፍ ነበር። አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ግን ብርሃኑ የሚታየው ከውጭ፣ በመንገድ ለሚያልፈው ለኔ ቢጤው እንደሆነ ልብ አልኩ። አሁን የኔም መስኮት ላይ አለ።

ከሉሲያ እስከ ገና ድረስ ፀሐይዋ የምትጠልቅበት ሰዓት 20 ደቂቃ ያህል ይገፋል። ባለፈው ገና እትዬ ቤት በረካው ሲቀዳ ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ አልፏል፤ መስኮቱ ላይ ግን ብርሃን ነበር።