የማያልቅ ሥራ፣ የማይዘጋ ሒሳብ

በአዲስ አበባ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ዌብሳይት ሠሪዎች በብዛት የሚሰሙት የመጀመሪያ ጥያቄ «ትንሽ ዌብሳይት ነበር የምንፈልገው፣ በስንት ትሠራልናለህ?» የሚል ነው። ስንት ገጽ እንደሚኖረው፣ በስንት ቋንቋ እንደሚሆን፣ ጽሑፉን ማን እንደሚያዘጋጅ፣ ከርክክብ በኋላ ማን እንደሚያድሰው አይነሳም። ዋጋ ግን እዚያው ይጠየቃል፤ ሠሪውም ሥራው እንዳያመልጠው እዚያው ይናገራል። ኋላ የሚመጣው ንትርክ ሁሉ የሚጸነሰው በዚህች ቅጽበት ይመስለኛል። ደንበኛው ክፉ፣ ሠሪው ሰነፍ መሆን አያስፈልገውም።

ይህ ለዓመታት የጥቂት ወጣቶች የግል ብሶት ተደርጎ ታይቷል። እኔ የሕዝብ ጉዳይ ነው እላለሁ። ኢትዮጵያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር ሆና አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን ዕቅድ ጀምራለች። ከሠልጣኞቹ ስንቱን ነው ድርጅት በደመወዝ የሚቀጥረው? ብዙዎቹ ላፕቶፓቸውን ይዘው ራሳቸው ሥራ ፈላጊ፣ ራሳቸው ተዋዋይ፣ ራሳቸው ሒሳብ ሰብሳቢ ይሆናሉ። ኮርሶቹ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና አንድሮይድ ያስተምሯቸዋል። የሠሩበትን ገንዘብ እንዴት እንደሚቀበሉ ግን የሚማሩት ተጎድተው ነው።

ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ጥበቃው ይጀምራል። ሠሪው «ስለ እኛ» ለሚለው ገጽ ጽሑፍ ይጠይቃል፤ «ነገ እንልካለን» ይባላል። ሳምንታት አልፈው የሚመጣው ከዓመታት በፊት የተዘጋጀ የድርጅቱ ፕሮፋይል ነው፤ ሎጎውም በዚያው የወርድ ፋይል ውስጥ ተለጥፎ ይመጣል። ፎቶዎቹ በቴሌግራም ስለተላኩ ጥራታቸው ወርዷል፤ በመክፈቻው ገጽ ላይ ሲለጠጡ ይደበዝዛሉ። «እባካችሁ እንደ ፋይል ላኩልኝ» የሚል መልእክት ይጻፋል፤ ፎቶዎቹ እንደገና በዚያው መንገድ ተጨምቀው ይመጣሉ።

አማርኛው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክንና አቢሲኒካን የመሰሉ ነጻ ፎንቶችም በእጃችን አሉ። በብዙ ቢሮዎች ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሰነድ ግን እስከ ዛሬ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በቀድሞው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ነው። እነዚህ ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ አስቀምጠው ይሠሩ ስለነበር፣ ጽሑፉ ወደ ዌብሳይት ሲገለበጥ ማንም ሊያነበው የማይችል የምልክት ክምር ይሆናል። መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ። ሆኖም አንዳንድ ሆሄያትን ያሳስታሉ፤ ስለዚህ አንድ ሰው ተቀምጦ ከዋናው ጋር መስመር በመስመር ማመሳከር አለበት። ያ ሰው ሠሪው ነው፤ ድካሙም በዋጋው ውስጥ አልተቆጠረም። ደንበኛው ሥራ መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ደህና ሆኖ ይታየዋላ! ሲዘገይበት «ኮፒ ፔስት ለማድረግ ይሄ ሁሉ ጊዜ?» ቢል አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ተነግሮት ሳለ እንዲህ ሲል ነው፤ መንገር ደግሞ የባለሙያው ድርሻ ነው።

ከዚያ «ትንሽ ነገር ናት» ይመጣል። ቀለሙ ትንሽ ይቀየር፣ ሎጎው ትንሽ ተለቅ ይበል፣ አንድ የመመዝገቢያ ቅጽ ብቻ ይጨመር። ቅጹ ከተጨመረ በኋላ የተመዝጋቢዎቹ ዝርዝር የት ይቀመጣል? ለማን ኢሜይል ይላካል? ክፍያ በቴሌብር ይቀበላል? እያንዳንዷ «ትንሽ ነገር» በጀርባዋ የቀናት ሥራ አዝላ ትመጣለች። በጣም የሚያደክመው ግን ሥራውን ያዘዘው ሰውና በሥራው ላይ የሚወስነው ሰው የተለያዩ መሆናቸው ነው። ለወራት ከማርኬቲንግ ክፍሉ ጋር ተስማምቶ የተሠራው ዲዛይን በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ፊት ይቀርባል፤ እሳቸው ደግሞ ገና ዛሬ ነው ማየታቸው። «ይሄ የእኛን ድርጅት አይመስልም» ይላሉ። ሥራው ከዜሮ ይጀመራል፣ ዋጋው ግን የድሮው ነው። «ተረክበናል» ብሎ የሚፈርም ሰው እስካልታወቀ ድረስ ይህ ሥራ ማለቂያ የለውም።

ክፍያው ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከፋል። ቀብዱ በአብዛኛው ይከፈላል፤ የሚያታግለው ቀሪው ነው። ፈራሚው መስክ ወጥተዋል፣ ሰነዱ ፋይናንስ ጋ ነው፣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 የሚዘጋበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ በግንቦት ያለቀ ሥራ ሒሳብ ለአዲሱ በጀት ሊተላለፍ ይችላል። ሥራው ደግሞ የሚገኘው በሰው በሰው ነው፤ አሠሪው የአባት ጓደኛ ወይም የሰፈር ሰው ይሆናል። «ጋሼ፣ የቀረችውን በዚህ ሳምንት ቢጨርሱልኝ» ይላል ልጁ አንገቱን ደፍቶ። «እሺ ልጄ፣ ሰኞ ደውልልኝ» ይላሉ እሳቸው፣ በእውነት በፍቅር። ሰኞ ስልኩ አይነሳም። ታናሽ ታላቁን ሲጠይቅ ድምፁን ከፍ ማድረግ አይችልም፤ መጀመሪያም ውል እንጻፍ ቢል ኖሮ «አታምነኝም እንዴ?» መባሉ አይቀርም ነበር። ጨዋነታችን ሲደመር ሲቀነስ ሁልጊዜ አንድ ወገን ላይ ያርፋል፣ ይኸውም ገንዘብ የሌለው ወገን ላይ። ይህ ያንገበግበኛል።

ደረሰኝም ሌላ ግድግዳ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከ3,000 ብር በላይ ለሆነ አገልግሎት ከፋዩ 2 በመቶ እንዲይዝ አዞ ነበር፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ካላቀረበ ሰው ላይ ግን 30 በመቶ እንዲቀነስ አዟል። ገና ጀማሪ የሆነ ልጅ ፈቃድ አውጥቶ፣ ቢሮ ተከራይቶ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ከፍሎ አይዘልቀውም። ስለዚህ ወይ ሲሶውን ያህል ያጣል፣ ወይ የሌላ ድርጅት ደረሰኝ ያስቆርጣል። ሁለተኛው ሕገ ወጥ ነው፤ ልጁም ያውቃል።

ደንበኞችም የሚያለቅሱበት አላቸው፣ ሊሰማ ይገባል። ዶሜንና ሆስቲንግ በአብዛኛው የሚገዙት በዶላር ከውጭ ኩባንያ ነው፤ ድርጅቱ የውጭ ምንዛሪ ካርድ የለውም። ሠሪው አሜሪካ ወይም ዱባይ ባለ ዘመዱ ካርድ ይገዛለታል፣ በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ያስመዘግበዋል። ሁለቱ ሲጣሉ ወይም ልጁ አገር ሲቀይር ድርጅቱ ስሙን መልሶ የሚያገኝበት ቁልፍ አይኖረውም። ዶት ኮም ዶሜን ዓመቱ ደርሶ ሳይታደስ ሲቀር የእፎይታው ጊዜ ያልፍና በከፍተኛ ቅጣት ብቻ የሚመለስበት 30 ቀን ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊገዛው ይችላል። ደንበኛን በዶሜን ይዞ ገንዘብ ማስከፈል የቸገረው ሰው መሣሪያ መሆኑን እረዳለሁ፤ ትክክል ነው ግን አልልም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የሆስቲንግን ዋጋ በብር ጠቅልሎ የተዋዋለ ሁሉ ልዩነቱን ከኪሱ መክፈል ወይም ከደንበኛው ጋር መጋጨት ነበረበት።

ሕግ የለም አይባልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2610 አንድ ሰው በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ሊሠራ፣ ሌላው ደግሞ ዋጋ ሊከፍል የሚገቡትን ውል ያውቀዋል፤ የቃል ውልም ቢሆን በመርህ ደረጃ ይጸናል። የሠራተኛ አዋጁ እንዲህ ያለውን በራሱ የሙያ ኃላፊነት የሚሠራ ሰው አይሸፍንም፤ ያለው መጠለያ የውል ሕጉ ነው። በዚሁ ሕግ የዘገየ ክፍያ በዓመት 9 በመቶ ወለድ ያስከትላል። 40,000 ብር ቀርቶት ዓመት የጠበቀ ሰው 3,600 ብር ያገኛል ማለት ነው። የዋጋ ንረቱ ባለፉት ዓመታት ከዚያ እጅግ በልጦ ስለሄደ፣ ማዘግየት ለባለዕዳው ያተርፋል። ለዚህ ገንዘብ ጠበቃ ቀጥሮ ቀጠሮ የሚመላለስ የለም፤ አሠሪውም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ በፍሪላንሰሮች ማኅበር ግፊት የወጣው ሕግ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ዋጋው 800 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሥራ የጽሑፍ ውል ግዴታ ነው፤ ውሉ ቀን ካልጠቀሰ ክፍያው ሥራው ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ያልከፈለ አሠሪ እጥፍ ካሣ ሊከፍል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሕጉ ወደ መላው የኒው ዮርክ ግዛት ተስፋፋ። ከሁሉ የምወድለት ውሉን መጻፍ የአሠሪው ግዴታ ማድረጉን ነው። እዚያ ልጁ «ውል እንጻፍ» በማለቱ ባለጌ አይባልም።

እዚህም ብዙ የሚያስቸግር ነገር አልጠይቅም። የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ሁለት ገጽ የሞዴል ውል ያውጣ። የገጾቹን ብዛት፣ ጽሑፍ የሚቀርብበትን ቀን፣ የተፈቀዱትን የእርማት ዙሮች፣ የሚረከበውን ሰው ስም የያዘ ይሁን። ዶሜኑ ከመጀመሪያው ቀን በደንበኛው ስም ይመዝገብ። ክፍያው በሦስት ይከፈል፤ የመጨረሻው ክፍል ዌብሳይቱ ሕዝብ ዘንድ ከመውጣቱ በፊት ይጠናቀቅ። የግል ድርጅቶች ከዚያ ይከተላሉ። መጀመሪያ ግን ወጣቱን ኮድ ተማር የሚለው መንግሥት በየመሥሪያ ቤቱ ያሠራውን ዌብሳይት ሒሳብ በ30 ቀን ውስጥ ይክፈል።