የዓሣ ገንዳችን ለምን አረንጓዴ ይሆናል?

አንድ የደብረ ማርቆስ ወዳጄ በሳሎኑ መስኮት ሥር ያኖረው የመስታወት ዓሣ ገንዳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አረንጓዴ ሆነበት። ማታ ደኅና የነበሩት ዓሦችም ጎሕ ሲቀድ ሞተው ተገኙ። እርሱ «ተመርዘዋል» ሲል፣ እኔ የጠረጠርሁት የኦክስጅን እጥረትን ነበር።

ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ዋቅላሚ፣ በተለምዶ አልጌ የምንለው፣ ብርሃን፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ሲያገኝ በፍጥነት የሚባዛ ሕያው ነገር ነው። በገንዳው ውስጥ ብርሃኑ ከመስኮት፣ ማዳበሪያው ደግሞ ከተራረፈ ምግብና ከዓሦቹ ኩስ ይገኛል። ለጤፍ ማሳችን የምንመኘው ለምነት ለገንዳችን ጠንቅ ይሆናል ማለት ነው። በቆቃ ሐይቅ ላይ ለሚታየው አረንጓዴ ውኃም ዋነኛው ምክንያት ይኸው የንጥረ ነገር ብዛት ነው።

ዋቅላሚ ቀን በብርሃን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ሁሉ ኦክስጅን ይወስዳል። በመሆኑም የውኃው ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። በሄንሪ ሕግ መሠረት ደግሞ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ መጠን ከውኃው በላይ ባለው የጋዙ ግፊት ይወሰናል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት አንድ ሊትር ውኃ በባሕር ዳርቻ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በእኛ ዘንድ 7 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። የደጋ ዓሣ ሌሊቱን የሚጀምረው በጎደለ ስንቅ ነው።

ስለዚህ ዋቅላሚውን በመድኃኒት በአንድ ጊዜ መግደል አደገኛ ነው፤ የሞተው ሲበሰብስ ባክቴሪያዎች የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሱታልና። የሚሻለው ምንጩን ማድረቅ ነው፦

1. ገንዳውን ከመስኮት ማራቅ፤ መብራቱንም በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አለማብራት።
2. ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መመገብ።
3. በየሳምንቱ የውኃውን ሩብ መለወጥ። በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውኃ ከሆነ በክፍት ባልዲ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ማቆየት።
4. ሌሊት የአየር መንፊያውን አለማጥፋት፤ መብራት ከጠፋም ውኃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ።

በመስታወቱ ላይ የተጣበቀውን መፋቅ ዓይንን ደስ ያሰኛል፤ ብርሃኑና ማዳበሪያው እስካልተቀነሱ ድረስ ግን ዋቅላሚው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ዓሦቹ ሊነጋ ሲል አፋቸውን ወደ ውኃው ወለል አውጥተው ሲያለከልኩ ካየን፣ ማስጠንቀቂያው ያ ነው።